«መከላከያ ልብስ» ማንን ከማን ይከላከላል?

«መከላከያ ልብስ» የሚለው ስያሜ በአማርኛ የሥራ መመሪያዎች፣ የግዥ ሰነዶችና የሥልጠና ጽሑፎች ውስጥ ከተለመደ ቈይቷል። በያጁ የሚታጠቀው የቆዳ ሽርጥ፣ ፀረ-ተባይ የሚረጨው ገበሬ የሚያጠልቀው ጓንት፣ መርፌ መድኃኒት በጠርሙስ በሚሞላበት ክፍል የሚሠራው ባለሙያ ከራስ ጠጕሩ እስከ እግር ጥፍሩ የሚሸፈንበት ነጭ ልብስ፣ ሁሉም በዚህ በአንድ ስም ይጠራሉ። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ለስሙ የሚገቡ ናቸው። ሦስተኛው ግን ለባሹን ከምንም አይከላከለውም፤ የሚጠብቀው መድኃኒቱን ነው፤ የሚጠብቀውም ከለባሹ ነው። በዚህ ጽሑፍ የምንተቸው ይህን መደበላለቅ ነው።

ለትችታችን መነሻ የሆነው፣ ቋንቋውን እንድንመለከተው የቀረበልን የአንድ ቤተ ሙከራ የአለባበስ መመሪያ ረቂቅ ነው። የድርጅቱን ስም መጥቀስ አያስፈልግም፤ ጕድለቱ የአንድ ድርጅት ብቻ አይደለምና። ተርጓሚው ትጉህ ሰው መሆኑ ከሥራው ይታያል፤ ዐረፍተ ነገሮቹ የቀኑ ናቸው፤ ሥርዐተ ነጥቡም የተጠበቀ ነው። ሆኖም ረቂቁን አንብቦ የጨረሰ ሠራተኛ ልብሱን የሚለብሰው ለራሱ ደኅንነት መስሎት እንደሚነሣ አልተጠራጠርንም። በአፍ የሚነገሩትን ቃላት ለማጣራት ስንል በሳሊተ ምሕረትና በአካባቢው የሚገኙ የሕክምና ዕቃ ሻጮችንና የሥራ ልብስ ሰፊዎችን ጠይቀናል፤ ከዚህ በታች «የገበያው ቃል» የምንለው ከእነርሱ የሰማነውን ነው።

ጕዳዩ የጥቂት ቤተ ሙከራዎች ብቻ መስሎ እንዳይታይ አንድ ነገር እናስታውስ። በዚሁ በምሥራቁ የአዲስ አበባ ክፍል፣ በቦሌ ዓለም አቀፍ አውሮፕላን ማረፊያ አጠገብ፣ ቢ.ጂ.አይ. የተባለው የቻይና ኩባንያ የኮቪድ-19 መመርመሪያ የሚያመርት ፋብሪካ በመስከረም 2013 ዓ.ም. ተመርቋል። ወደ ደቡብ ሲወርዱ ለመድኃኒት አምራቾች ተብሎ የተመሠረተው የቂሊንጦ ኢንዱስትሪ ፓርክ አለ። በቦሌ ለሚ ደግሞ ለውጭ ገበያ ልብስ ይሰፋል። የልዩ ክፍል ልብስ የሚለብሰው፣ ሊሰፋው የሚችለውና መመሪያውን የሚተረጕምለት ሰው በአንድ የከተማ ዳርቻ ሲገናኙ የጋራ ቃል ያስፈልጋቸዋል።

ስለ ክፍሉ ስም ብዙ አንልም። ንጽሕናው ጠርጎ ወልውሎ የሚገኝ አይደለም። የአሁኑ ዐይነት ንጹሕ ክፍል የተገኘው እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጀመሪያ፣ በአሜሪካ የሳንዲያ ብሔራዊ ቤተ ሙከራ ይሠራ የነበረው የፊዚክስ ሊቅ ዊሊስ ዊትፊልድ የተጣራ አየር በአንድ አቅጣጫ ያለ ማቋረጥ እንዲፈስ በማድረጉ ነው። አየሩ እየፈሰሰ ብናኙን ይዞ ይወጣል። ንጽሕናውም በቍጥር ይነገራል። በዓለም አቀፉ የደረጃዎች ድርጅት መለኪያ፣ በአይ.ኤስ.ኦ. 14644-1፣ ደረጃ 5 የሚባለው ክፍል በአንድ ሜትር ኩብ አየር ውስጥ 0.5 ማይክሮሜትርና ከዚያ በላይ የሆነ ብናኝ ከ3,520 ያልበለጠ የሚገኝበት ነው፤ ደረጃ 8 እስከ 3,520,000 ይፈቅዳል። እንግዲህ አንዳንዶች የሚወዱት «ብናኝ-አልባ ክፍል» የሚለው ስያሜ ሐሰት ነው፤ በአጠቃላይም «-አልባ»ን በየስሙ ጅራት ላይ መቀጠል ከተርጓሚዎቻችን ልማድ ሁሉ ቶሎ መታረም ያለበት ነው። «ንጹሕ ክፍል» ይጽና፤ ነገር ግን የደረጃ ቍጥሩ አይለየው። ቍጥሩ ከሌለ የእንግዳ ማረፊያ አልጋ የሚጠይቅ ሰው ቃል ሆኖ ይቀራል።

ወደ ልብሱ እንመለስ። በንጹሕ ክፍል ውስጥ ከሁሉ የከፋው የብናኝ ምንጭ ሰው ነው። ሰው ዝም ብሎ ቢቀመጥ እንኳ በየደቂቃው ከቆዳው ቅርፊት፣ ከጠጕሩ ፎረፎር፣ ከትንፋሹ ጠብታ፣ ከውስጥ ልብሱ ክር ያረግፋል፤ 0.3 ማይክሮሜትርና ከዚያ በላይ የሆነው ብቻ በደቂቃ ወደ 100,000 እንደሚደርስ በሙያው ጽሑፎች ይገመታል፤ ሲራመድማ ወደ ሚሊዮኖች ይወጣል። ልብሱ ይህን የሚረግፈውን ነገር በውስጡ የሚያስቀር ማጥለያ ነው ማለት ይቻላል። አየሩን የጣሪያው ማጥለያ እንደሚያጠልለው፣ ሰውን ደግሞ ልብሱ ያጠልለዋል።

ታዲያ «መከላከያ» ለምን ያሳስታል? ተከላከለ የሚለው ግሥ አድራጊው ከውጭ የሚመጣበትን ነገር መመከቱን ያመለክታል፤ መከላከያ ያለ ሰው ልቡ የሚያስበው የራሱን ጋሻ ነው። ይህ የቃሉ ጠባይ ነው። ሌላው ችግር ግን በሰዋስው በኩል የሚመጣ ሲሆን ከቃሉ ጠባይ ይልቅ የሚከብደውም እርሱ ነው። «የዝናብ መከላከያ»፣ «የወባ መከላከያ» ስንል በ«የ» የተመለከተው ስም የሚከላከሉት ነገር ነው። «የሀገር መከላከያ» ስንል ግን የሚከላከሉለት ነው። «የሚከላከሉት»ንና «የሚከላከሉለት»ን ግሡ በአንዲት «ለ» አጥርቶ ሲለያቸው፣ የመሣሪያ ስሙ ሁለቱን በአንድ «የ» ይጠቀልላቸዋል። ዝናብንና ሀገርን ማንም አያምታታም፤ ዝናብ የሚጠላ፣ ሀገር የሚወደድ መሆኑን ከቋንቋው ውጭ እናውቃለንና። «የሠራተኛ መከላከያ ልብስ» ሲባልስ? ሰዋስው ሁለቱንም ይፈቅዳል፤ ሠራተኛው የሚጠበቅበት፣ ወይም ከሠራተኛው የሚጠበቁበት። አንባቢው የሚመርጠው የመጀመሪያውን ነው፤ ሰው ራሱን እንደ ብክለት ምንጭ አድርጎ አያስብምና። በንጹሕ ክፍል ውስጥ እውነቱ ሁለተኛው ነው።

መውጫው ከቅርብ ይገኛል። ሳሊተ ምሕረት የሚለው የሰፈሩ ስም ከቤተ ክርስቲያኑ የመጣ ሲሆን፣ አፈታቱ ሰኣሊተ ምሕረት፣ ማለትም ምሕረትን የምትለምን ማለት ነው። (ብዙ ሰው በዐይኑ «ሰዓሊተ» እያለ ይጽፈዋል፤ ሰአለ በአልፍ ለመነ፣ ሠዐለ በንጉሡ «ሠ»ና በዐይኑ ግን ሥዕል ሣለ ነውና፣ እንዲህ ሲጻፍ ምሕረትን የምትሥል ሊያሰኝ ነው። አነጋገሩ «ሳሊተ» ብሎ አንዱን ፊደል መዋጡ ከዚህ ስሕተት አድኖታል።) እኛ ግን ከዚህ ስም የምንፈልገው ሌላ ነገር ነው። የአድራጊ ስም ከተደራጊው ጋር ሲናበብ አቅጣጫው አይሳትም፤ ምሕረት የምትለመን እንጂ የምትለምን ልትሆን አትችልም። ዐቃቤ ሕግ፣ ዐቃቤ መጻሕፍት፣ ዐቃቤ ንዋይ የሚሉት ሁሉ በዚህ ሥርዐት የቆሙ ናቸው፤ ሕጉ፣ መጻሕፍቱና ንዋዩ የሚጠበቁ እንጂ ጠላቶች አይደሉም። አማርኛም ቅደም ተከተሉን ገልብጦ ይህንኑ ያደርጋል፤ በር ጠባቂ፣ ነፍስ አዳኝ፣ እንግዳ ተቀባይ።

በመሆኑም «መከላከያ ልብስ» የሚለውን አንድ ስም በሁለት እንዲከፈል እናሳስባለን፤ ለባሽ ጠባቂ ልብስ እና ምርት ጠባቂ ልብስ። በምርምር ቤት ምርት ከሌለ «ናሙና ጠባቂ» ማለት ይቻላል። «ሥራ ጠባቂ» የሚለው በውይይታችን ላይ ቀርቦ ነበር፤ ነገር ግን በከተማችን ሥራ ጠባቂ የሚባለው ማን እንደ ሆነ አንባቢ ያውቃል። ጠበቀ የሚለው ግሥ ዘብ መቆምንም መቈየትንም ስለሚያመለክት እንዲህ ያለ መሰናክል አለው፤ ዝናብ ጠባቂ ገበሬ ዝናብን ሲከላከል የሚታየን የለም። ምርት ጠባቂ ግን ለአማርኛ ተናጋሪ ባዕድ አይደለም፤ ማማ ላይ ወጥቶ ማሽላውን ከወፍ፣ በቈሎውን ከዝንጀሮ የሚጠብቀው ሰው ይህንኑ ስም ቢሸከም አይከብደውም።

አንዳንድ ባልደረቦቻችን ይህ የቃላት ጥንቃቄ ከመጠን ያለፈ ነው ይላሉ። አይመስለንም። በሥልጠና ሥራ የቈየ አንድ ባለሙያ እንደ ነገረን፣ ከሰዓት በኋላ ሙቀት ሲበረታ ሠራተኞች የልብሳቸውን ዚፕ እስከ ደረታቸው ይከፍታሉ። ሲጠየቁ መልሳቸው አንድ ነው፤ ዛሬ የያዝነው ጕዳት የሌለው ነገር ነው። ለራሳቸው ጋሻ የተሰጣቸው መስሏቸዋልና ጠላት በሌለበት ጋሻውን ማውረዳቸው ምክንያታዊ ነው። ስሙ ያስተማራቸውን ነው ያደረጉት።

በተቃራኒውም በኩል ጕዳት አለ። የአሠሪና ሠራተኛ ጕዳይ ዐዋጅ ቍጥር 1156/2011 በአንቀጽ 92 አሠሪው ለሠራተኛው ከአደጋ መጠበቂያ መሣሪያና ልብስ እንዲሰጥ፣ ስለ አጠቃቀሙም እንዲያስተምር ያዝዛል። ይህ ግዴታ የሚነካው ለባሽ ጠባቂውን ልብስ ነው። የካንሰር መድኃኒት ዱቄት የሚመዝን ሠራተኛ የተለመደውን የንጹሕ ክፍል ልብስ ብቻ ለብሶ ቢገኝ፣ ሁለቱም «መከላከያ ልብስ» ከተባሉ አሠሪው ግዴታዬን ፈጽሜአለሁ ሊል ይችላል፤ መዝገቡም ይደግፈዋል። ልብሱ ግን የተሠራው ከውስጥ ወደ ውጭ የሚወጣውን ለመያዝ እንጂ ከውጭ የሚገባውን መርዝ ለማገድ አይደለም። በእርግጥ ሁለቱን አገልግሎት አጣምሮ የሚሰጥ አለባበስ የሚያስፈልግበት ሥራ አለ፤ በዚያ ጊዜ ሁለቱም ስሞች ይጻፉ።

በ2012 ዓ.ም. የተማርነው የጭምብል ነገርም ይህንኑ ያስረዳል። ጥቅጥቅ ያለው፣ በፊቱ ላይ የትንፋሽ ማውጫ ክዳን ያለው ጭምብል ለባሹን በሚገባ ይጠብቃል፤ የሚያስተነፍሰውን አየር ግን ሳያጣራ ወደ ውጭ ይለቀዋል። በመንገድ ላይ ሌላውን ሰው አይጠብቅም፤ በንጹሕ ክፍል ውስጥም ቦታ የለውም። የገበያው ቃል ሁለቱንም ዐይነት «ማስክ» ይላቸዋል፤ አንዱ ሻጭ ክዳን ያለውን «የበለጠ መከላከያ» ብሎ ሲያሞግስልን ለማን እንደ ሆነ አልነገረንም፤ እኛም አልጠየቅነውም።

ይህ ሁሉ ሲባል አቅጣጫው በዕቃው ላይ የተጻፈ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1889 እና በ1890 መካከል በባልቲሞር፣ በጆንስ ሆፕኪንስ ሆስፒታል፣ የቀዶ ሕክምና ሊቁ ዊልያም ሆልስቴድ ለረዳቱ ለነርስ ካሮላይን ሃምፕተን የጎማ ጓንት አሠራላት። ምክንያቱ እጇን ፀረ-ተሕዋስያን የሆነው የሜርኩሪ ክሎራይድ ውሕድ ስላቈሰለው ነበር። ጓንቱ ለባሽ ጠባቂ ሆኖ ተወለደ ማለት ነው። በኋላ ሐኪሞቹ ሁሉ ሲያጠልቁት የበሽተኛው ቍስል መመርቀዝ እንደሚቀንስ ተስተዋለ፤ ያው ጓንት በሽተኛ ጠባቂ ሆነ። ስለዚህ መዝገበ ቃላታችን ጓንትን «የእጅ መከላከያ» ብሎ እንዳይፈታው እንመክራለን። ጓንት በእጅ ላይ የሚጠልቅ፣ ጣት ያለው ልባስ ነው፤ ማንን እንደሚጠብቅ የሚነግረን ሥራው ነው።

ስለ የልብሱ ክፍሎች ጥቂት እንበል። ረቂቁ ሙሉ ልብሱን «ጋዋን» ይለዋል። ይህ ቃል በከተማችን ሁለት ነገር ያሳያል፤ የሐኪሙን ፊቱ ክፍት የሆነ ነጭ ካፖርትና ተመራቂ ተማሪ የሚደርበውን ጥቍር ካባ። ሁለቱም ከታች ክፍት ናቸው፤ ሐኪሙ የእርሱን እንደ ለበሰ ሻይ ሊጠጣ ይወጣል። የአውሮፓ ኅብረት የመልካም አመራረት ደንብ አባሪ 1፣ እ.ኤ.አ. በ2022 የታደሰው፣ ክፍሎችን ኤ፣ ቢ፣ ሲ እና ዲ ብሎ ሲመድብ በሲ ደረጃ እንኳ አንገቱ ከፍ ያለና አንጓው ላይ የተሰበሰበ፣ ሱሪ ያለው ልብስ ይፈልጋል፤ ጠጕርም ጢምም ይሸፈናል። ለዚህ የገበያው ቃል ቱታ ነው። ከጣልያንኛ የመጣ ነው፤ የጋራዥ ቅባት ይሸታል ተብሎም ይነቀፋል። በቃል ስያሜ አማርኛን ማስቀደም፣ ግዕዝን ማስከተል፣ ከባዕድ መዋስን የመጨረሻ ማድረግ የተለመደው ሥርዐት መሆኑን አንክድም። ነገር ግን ሰማንያ ዓመት ያህል በሰፊው አፍ የኖረ ቃል ባዕድ አይባልም፤ ቅርጹንም በትክክል ይናገራል። «ወጥ ልብስ» የሚል ሐሳብ ሰምተናል፤ ቃሉ ወጥ ድንጋይ እንደሚባለው መጣፊያ የሌለውን ለማለት ነው። መልካም ነበር፤ ነገር ግን በ«የ» ሲመጣ «የወጥ ልብስ» ማድ ቤት ያስገባናል።

ራስንና አንገትን ሸፍኖ ትከሻ ላይ የሚያርፈውን «ኮፍያ» ማለት አያስፈልግም፤ ክንብንብ የሚል ቃል አለን። እናቶቻችን ነጠላቸውን ሲከናነቡ ጠጕር አይታይም፤ በኤና በቢ ደረጃ የሚፈለገውም ይኸው ነው፤ የክንብንቡ ጫፍ ከቱታው አንገት ውስጥ ገብቶ። ጠጕር ብቻ ለሚሸፍነው ቆብ ይበቃል። ጫማን ሸፍኖ እስከ ጕልበት የሚደርሰውን ረቂቁ «ረጅም የጫማ ሽፋን» ይለዋል፤ እኛ የድሮ ፈረሰኞችን ገምባሌ እናስታውሳለን፤ ቃሉ ሥራ ፈትቶ ተቀምጧል።

ከሁሉ ያደከመን የጨርቁ ጕዳይ ነው። ረቂቁ «ንጹሕ የጥጥ ልብስ» የተሻለ እንደ ሆነ የሚያስመስል አገላለጽ አለው፤ የተርጓሚው ምርጫ ይሁን የዋናው ጽሑፍ አላረጋገጥንም። ጥጥ በሚፈተልበት ሀገር ነጭ ጥጥ የንጽሕና መልክ መሆኑ አይገርምም። ሆኖም ፈትል ማለት ከባዘቶ አጫጭር ጭረቶችን እያጠመዘዙ ማስረዘም ነው፤ ጫፎቹ ሁልጊዜ ይረግፋሉ። ለንጹሕ ክፍል የሚመረጠው ፖሊስተር ከመጀመሪያው ረጅም ሆኖ የሚወጣ ክር ነው፤ ከሐር ጋር እንጂ ከጥጥ ጋር አይመሳሰልም፤ የኤሌክትሪክ ሙል እንዳይጠራቀምበትም በድሩ ወይም በማጉ መካከል ካርቦን ያለበት ክር ይገባበታል። ይህ «ፈትል» ሊባል አይችልም፤ ያልተፈተለ ነውና። ከላይ ከማድ ቤት ያባረርነው «ወጥ» እዚህ ይመለስ፤ ወጥ ክር። የጨርቁም ጠባይ «የማያረግፍ» ይባል። ቅጠል እንደሚረግፍ ሁሉ ክርም ይረግፋል፤ ሰፊዎቹ ሳንነግራቸው በዚሁ ግሥ ሲጠቀሙ ሰምተናቸዋል።

በመጨረሻ ስለ ግሦች። እንግሊዝኛው በአንድ ግሥ የሚለውን ሁሉ ረቂቁ «ይልበሱ» እያለ ተርጕሞታል፤ ጓንቱን ይልበሱ፣ ጫማውን ይልበሱ፣ ጭምብሉን ይልበሱ። አማርኛ ግን ክንብንቡን ይከናነባል፣ ጓንቱን ያጠልቃል፣ ገምባሌውን ይጫማል፣ ሁለተኛ ጓንት ሲያስፈልግ ይደርባል፣ የእጅጌውን ጫፍ በጓንቱ ውስጥ ይሸጕጣል። ይህን ሀብት በአንድ ግሥ መለወጥ ውበትን ብቻ ማጕደል አይደለም፤ «ይሸጕጡ» ያለ መመሪያ እጅጌው ከጓንቱ በታች እንደሚገባ ነግሯል፤ «ይልበሱ» ያለው ግን የትኛው ከላይ እንደሚሆን አልነገረም።

ረቂቁ ስለ ማውለቅ ግን ሙሉ ገጽ ሰጥቷል። የውጩን ገጽ አትንኩ፣ ጓንቱን ገልብጣችሁ አውልቁ፣ እጃችሁን ታጠቡ እያለ በቅደም ተከተል ያስረዳል፤ አገላለጹ በወረርሽኙ ዘመን ከተሠራጩት የሕክምና መመሪያዎች ጋር አንድ ነው። ለለባሽ ጠባቂ ልብስ ይህ ተገቢ ነው፤ አደጋው ያለው ሲያወልቁ ነውና። ለምርት ጠባቂ ልብስ አደጋው ያለው ሲለብሱ ነው፤ ከላይ ወደ ታች ካልተለበሰ፣ እግሩ ወለል ከነካ፣ የውጩ ገጽ በባዶ እጅ ከተዳሰሰ ልብሱ ገና ክፍሉ ሳይገባ ተበላሽቷል። ስለ መልበስ በረቂቁ ውስጥ ያገኘነው አራት መስመር ነው።